የሰርቪስ መብራትን ቤት ውስጥ ማጥፋት፦ መጀመሪያ ዘይቱ፣ ከዚያ መብራቱ

ባለፈው ክረምት ታናሽ እህቴ ከፍኖተ ሰላም ደወለችልኝ። ድምጿ የተረበሸ ነበር። «ጋሸ፣ ይቺ መኪና ቢጫ መብራት አበራችብኝ። ላቁማት ወይስ ልንዳት?» አለችኝ። ምን ተጽፎበታል አልኳት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበበችልኝ። ኤም፣ ኤ፣ አይ፣ ኤን፣ ቲ። ከሥሩ አር፣ ኢ፣ ኪው፣ ዲ። «አይዞሽ፣ ሞተሩ ምንም አልሆነም። ዘይት የምትቀይሪበት ጊዜ ደረሰ ነው የሚልሽ» አልኳት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሳ ደወለች። የጎረቤት ልጅ ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ መብራቱን አጥፍቶላታል። በጣም ደስ ብሏታል። ዘይቱን ግን ማንም አልነካውም።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ሁለተኛው ስልክ ነው። መብራቱን ማጥፋት ቀላል ነው። መሣሪያ አይፈልግም፣ ብር አያስወጣም፣ ማንም ሰው ግቢው ውስጥ ሆኖ ሊያደርገው ይችላል። ዋናው ሥራ ግን መብራቱ የጠየቀውን ማድረግ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም በቅደም ተከተላቸው እጽፋለሁ። ስለ መብራቱ ብቻ ለማንበብ የቸኮለ ሰው ወደ ታች መዝለል ይችላል፤ ባይዘል ግን ደስ ይለኛል።

መብራቱ የሚያውቀውና የማያውቀው

ብዙ ሰው ይህ መብራት ዘይቱን የሚለካ ይመስለዋል። አይለካም። ቶዮታ ላይ ያለው መብራት ኪሎሜትር ቆጣሪ ብቻ ነው። ባለፈው ጊዜ ከዜሮ ከተጀመረ ወዲህ መኪናው ስንት እንደሄደ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ሲሞላ ይበራል። ዘይቱ ትናንት የተቀየረ ቢሆንም ቆጣሪውን ወደ ዜሮ የመለሰው ሰው ከሌለ መብራቱ ይበራል። ዘይቱ ጠቁሮ ሬንጅ ቢመስልም ቆጣሪው ካልሞላ አይበራም።

ይህ መብራት በብዛት የሚገኘው ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ ቶዮታዎች ላይ ነው። ያሪስ፣ ኮሮላ፣ ራቭ ፎር። ቆጣሪው የተሞላው በማይል ነው። 4,500 ማይል ላይ ሞተር ስታስነሱ ለጥቂት ሰከንድ ብልጭ ድርግም ይላል። 5,000 ማይል ሲሞላ በርቶ ይቀራል። 5,000 ማይል ማለት ወደ 8,000 ኪሎሜትር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመኪናው ቆጣሪ የሚያሳየው በማይል ከሆነ «5,000 ሞላኝ» ስትሉ በእኛ አቆጣጠር ከ5,000 ኪሎሜትር በጣም አልፋችኋል።

ለእኛ መንገድ 8,000 ብዙ ነው። አምራቾቹ ራሳቸው መጽሐፋቸው ላይ አቧራ ለበዛበት፣ ጭነት ለሚበዛበት፣ አጭር አጭር ጉዞ ለሚደረግበትና ዳገት ለሚበዛበት አነዳድ ዘይቱ ቶሎ እንዲቀየር ይመክራሉ። ጎጃም ውስጥ የሚነዳ ሰው ከነዚህ ውስጥ የትኛው ነው የማይመለከተው? ከዋናው አስፋልት ወጣ ብሎ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባ መኪና በበጋ አቧራ ሲጠጣ ይውላል። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመለስ መኪና ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን የሚወጣ መኪና ደግሞ የዓባይን በረሃ ከነሙቀቱ፣ ሰውና ዕቃ ጭኖ፣ በከባድ ማርሽ ይወጣዋል። ስለዚህ እኔ በየ5,000 ኪሎሜትሩ ወይም በየስድስት ወሩ፣ ከሁለቱ በቀደመው እቀይራለሁ። ለማስታወስም አይከብድም። ባሕር ዳር ያለ ሰው በደብረ ማርቆስ በኩል አዲስ አበባ አራት ጊዜ ደርሶ ከተመለሰ 4,000ን አልፏል።

መብራቱ እንግዲህ የመጨረሻው ወሰን ነው። «ከዚህ በላይ አትሂድ» ይላል እንጂ «እስከዚህ ድረስ ችግር የለም» አይልም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። በእጃችን ያለችው ያሪስ ወይም ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት ልታገለግለን ነው። ሞተሯን የምናኖረው ደግሞ በዘይት ነው።

የትኛው መብራት ነው የበራው?

ምንም ከመንካታችሁ በፊት መብራቱን በደንብ እዩት። ዳሽቦርድ ላይ ከሚበሩት ውስጥ ሰው ከሰርቪሱ መብራት ጋር የሚያምታታቸው ሦስት ናቸው።

አንደኛው ቢጫ የሞተር ቅርጽ ነው፤ ሰዉ ቼክ ኢንጅን ይለዋል። ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ብልሽት አግኝቶ መዝግቧል ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ባለው መንገድ አይጠፋም፤ መጥፋትም የለበትም። በመመርመሪያ ማሽን ኮዱ መነበብ አለበት። ባትሪ ነቅሎ የሚያጠፋላችሁ ሰው ኮዱንም አብሮ ነው የሚያጠፋው። ያን ጊዜ መካኒኩ መነሻ ፍንጭ ያጣል። ቼክ ኢንጅኑ በርቶ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነና መኪናው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ አትንዱት።

ሁለተኛው ቀይ የዘይት ጣሳ ነው። ጫፉ ላይ ጠብታ አለው። በዚህኛው ቀልድ የለም። የዘይት ግፊት ወርዷል ማለት ነው። ሞተር እየሠራ ከበራ ጥግ ይዛችሁ ወዲያው አጥፉ። «ጋራዥ እስክደርስ ልንዳት» የሚባል ነገር የለም፤ ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ሊነክስ ይችላል። በተለይ የዓባይን ጥምዝምዝ ስትወጡ ኩርባ ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ዘይቱ አንሷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሲንሸራተት ፓምፑ የሚስበው ያጣል።

ሦስተኛው ናፍጣ መኪናዎች ላይ ያለው የጊዜ ቺንጋ (ፒስተንና ቫልቭ በጊዜያቸው እንዲንቀሳቀሱ የሚያደርገው ቀበቶ) መብራት ነው። እሱን ለብቻው እመለስበታለሁ፤ በጥሞና እንዲነበብልኝ እፈልጋለሁ።

የሰርቪሱ መብራት ግን ቢጫ ነው። ወይ እህቴ ያነበበችልኝ ፊደል አለው፣ ወይ የመፍቻ ቅርጽ አለው፣ ወይ በአዳዲሶቹ ላይ በጽሑፍ ይመጣል።

መጀመሪያ ዘይቱ

ዘይቱን ጋራዥ ማስቀየር ይቻላል፣ ቤትም መቀየር ይቻላል። ጋራዥ ከሄዳችሁ እዚያው ቁሙ። ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ጋራዥ ሥራ ስለበዛብኝ መኪናዬን ትቼ ሄድኩ። ማታ ስመለስ «አልቋል» ተባልኩ፤ መብራቱም ጠፍቷል፤ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ኮፈኑን ከፍቼ መለኪያውን ስመዘው ዘይቱ ጥቁር ነው። የቤንዚን መኪና አዲስ ዘይት ማር ይመስላል፤ በአንድ ቀን አይጠቁርም። ጎንበስ ብዬ ፊልትሮውን፣ ማለትም የዘይት ማጣሪያውን፣ አየሁት። ባለፈው ሰርቪስ በእጄ የጻፍኩት ቀን እንዳለ አለ። መብራቱን አጥፍተው ብቻ ነው የላኩኝ። ከዚያ ወዲህ አዲሱን ፊልትሮ ከመግጠሜ በፊት ቀንና ኪሎሜትር በማርከር እጽፍበታለሁ። እናንተም ጻፉ። ጋራዥ ውስጥም ቢሆን «ስጠኝ፣ ልጻፍበት» በሉ፤ ምንም ነውር የለውም።

ቤት የምትቀይሩ ከሆነ እንዲህ አድርጉ።

ሜዳ ቦታ ፈልጉ። ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነ ዘይቱ በደንብ አይፈስም፤ ልኬቱም ይዋሻል። ሞተሩን አምስት ደቂቃ ያህል አሙቁት፤ የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። በጣም እስኪግል ግን አትጠብቁ፣ እጅ ያቃጥላል። ከዚያ ሞተሩን አጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የኋላ ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በእንጨት አስደግፉ።

መኪናውን በክሪክ ካነሳችሁት ደጋፊ ሳታደርጉ ከሥሩ አትግቡ። ይሄን ሁለት ጊዜ ማንበብ የሚያስፈልገው ካለ ሁለት ጊዜ ያንብበው። ክሪክ የተሠራው ጎማ ለመቀየር ነው፤ ሰው ከሥር ሲተኛ መኪና ይዞ እንዲቆይ አይደለም። ድንጋይ ደርድሮ መደገፍም አይሆንም፤ ድንጋይ ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። የብረት መቆሚያ ከሌላችሁ ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ሄዳችሁ እዚያ አስቀይሩ።

የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ቶዮታ ላይ በ14 ቁጥር ቁልፍ ይፈታል። ከሥሩ ሰፊ ዕቃ አስቀምጡ። ቡሎኑን ስትፈቱ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ ያዙት፣ መጨረሻ ላይ በአንዴ አንሱት፤ ክንዳችሁ ላይ አይፈስም። ዘይቱ መንጠብጠብ እስኪያቆም አትቸኩሉ። ቡሎኑ ላይ ያለችውን ሮንዴላ (ቀለበት) በአዲስ ቀይሩ። ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ካረጀች ግን ታንጠባጥባለች። ቡሎኑን ስትመልሱ መጀመሪያ በእጅ አስገቡት፣ ከዚያ በቁልፍ ጠበቅ አድርጉት። በሙሉ ጉልበት አይጠበቅም። ቡሎኑ የሚገባበት የሞተሩ ዘይት መያዣ አልሙኒየም ከሆነ ጥርሱ ተበልቶ ትልቅ ወጪ ያመጣል።

ፊልትሮውን ስትፈቱ አሮጌው ጎሚኒ አብሮ መውጣቱን እዩ። አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በላዩ አዲሱ ከታሰረ ሁለት ጎሚኒ ይሆንና ሞተር ሲነሳ ዘይቱ ይረጫል። አዲሱን ፊልትሮ ጎሚኒውን በንጹሕ ዘይት ቀባ አድርጋችሁ በእጅ እሰሩት። ጎሚኒው ሲነካ ሦስት አራተኛ ዙር ጨምሩበት። በቁልፍ አትሰሩት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ፈቺው ይረግማችኋል።

ስንት ሊትር? እንደ ሞተሩ ነው። ብዙ ያሪስና የቆዩ ኮሮላዎች ላይ ያለው ባለ 1.5 ሊትር ሞተር ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ይወስዳል። ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራው ኮሮላ ባለ 1.8 ሞተር 4.2 ሊትር ነው። አራት ሊትሩን ጣሳ እንዳለ መገልበጥ ልማድ ሆኗል፤ ለመጀመሪያው ሞተር ግን ይበዛል። መጀመሪያ ሦስት ሊትር ተኩል ጨምሩ፣ ለኩ፣ ከዚያ ጥቂት በጥቂት ሙሉት። መለኪያው ላይ ሁለት ምልክት አለ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አይለፍ።

ስለ ዘይቱ ውፍረት ደግሞ ሱቁ ያለውን ሳይሆን መኪናው የሚለውን ስሙ። የዘይት መሙያው ክዳን ላይ ወይም መጽሐፉ ላይ ተጽፏል። 5 ደብሊው 30 ከተባለ እሱን ፈልጉ። የመለዋወጫ ሱቅ ስትገቡ «20 ደብሊው 50 አምጣለት፣ ወፍራም ነው፣ ይይዛል» የሚል ሰው አታጡም። እኔ ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው። የጮቄ ብርድ በሚወርድበት ሌሊት ያደረ መኪና ጠዋት ሲነሳ ወፍራም ዘይት ወደ ላይኛው የሞተሩ ክፍል ለመድረስ ይዘገያል። የሞተር ብዙው መበላት የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው። ስትገዙ ደግሞ የጣሳው ክዳን ማሸጊያ አለመነካቱን እዩ። ባዶ ጣሳችሁንም ከመጣላችሁ በፊት ብሱት፤ ተሞልቶ ተመልሶ አይሸጥም።

ሞተሩን አስነሱ። ቀዩ የዘይት መብራት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ሞተሩን አጥፉ። ከጠፋ ሁለት ሦስት ደቂቃ አሠሩትና ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር እንዳለ እዩ። ሞተሩን አጥፍታችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ እንደገና ለኩ።

የወጣውን ዘይት መሬት ላይ ወይም ቦይ ውስጥ አትድፉት። ጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ሰው አለ። በጀሪካን አድርጋችሁ ጋራዥ ስጡት፤ እነሱ የሚወስድላቸው ሰው አላቸው።

አሁን መብራቱ

ቶዮታ ላይ የሚያስፈልጋችሁ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ወጣ ያለች ትንሽ ዘንግ ወይም ቁልፍ ናት። ኪሎሜትሩን ከጠቅላላ ወደ ጉዞ፣ ከጉዞ ወደ ጠቅላላ የምትለውጠው እሷ ናት። ብዙ ሰው ጉዞውን ዜሮ ለማድረግ ይጫናታል።

1. ቁልፉን ሞተር ሳታስነሱ እስከ ሁለተኛው ደረጃ አዙሩ። መብራቶቹ ሁሉ ይበራሉ፣ ሞተሩ ግን አይነሳም።

2. ትንሿን ዘንግ ጫን ለቀቅ እያደረጋችሁ «ትሪፕ ኤ» (የመጀመሪያው የጉዞ ቆጣሪ) የሚለው እስኪመጣ ድረስ ለውጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ትሪፕ ቢ» ላይ ከሆነ አይሠራም። በአንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ጠቅላላው ኪሎሜትር መታየት አለበት። ስለዚህ በትሪፕ ኤ ሞክሩ፣ እምቢ ካለ በጠቅላላው ድገሙት።

3. ቁልፉን መልሳችሁ አጥፉ።

4. ዘንጓን ተጭናችሁ ያዙ። አትልቀቁ። በሌላኛው እጃችሁ ቁልፉን እንደገና ወደ ሁለተኛው ደረጃ አዙሩ። ሞተሩን አታስነሱ።

5. እጃችሁን እንደያዛችሁ ጠብቁ። በሞዴሉ ላይ ተመሥርቶ አጫጭር ሰረዞች ተደርድረው አንድ በአንድ ይጠፋሉ፣ ወይም ዜሮዎች ይመጣሉ። አምስት፣ ቢበዛ አሥር ሰከንድ ይወስዳል። ያቺ አሥር ሰከንድ ትረዝማለች፤ ብዙ ሰው አጋማሽ ላይ ይለቃል።

6. ዜሮው መጥቶ መብራቱ ሲጠፋ ዘንጓን ልቀቁ። ቁልፉን አጥፉ። አሁን ሞተሩን አስነሱና መብራቱ እንደጠፋ መቅረቱን አረጋግጡ።

በቃ፣ ይኸው ነው። የእህቴ ጎረቤት ልጅ ያደረገውም ይህንኑ ነበር።

መኪናው ቁልፍ ማዞሪያ የሌለው፣ በመጫን የሚነሳ ከሆነ ነገሩ ያው ነው። ፍሬን ሳትረግጡ ማስነሻውን ሁለት ጊዜ ተጫኑ፤ መብራቶቹ በርተው ሞተሩ ሳይነሳ ይቀራል። ፍሬን ከረገጣችሁ ይነሳባችኋል። ዘንጓን ተጭናችሁ ይዛችሁ እያለ ሁለቱን ጫና በተከታታይ አድርጉ።

የሌሎቹን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሆንዳ ላይ የሚቆጠረው የዘይት ዕድሜ በመቶኛ ነው። ሞተር ሳታስነሱ መምረጫዋን ቁልፍ እየተጫናችሁ የዘይቱን መቶኛ አምጡ፤ ከዚያ ብልጭ ድርግም እስኪል አሥር ሰከንድ ያህል ይዛችሁ፣ ለቃችሁ፣ እንደገና ለአምስት ሰከንድ ያዙ። መቶ ሲል ጨርሳችኋል። ሀዩንዳይ ላይ በአዳዲሶቹ መሪው ላይ ባሉት ቁልፎች ወደ ማስተካከያው ገብታችሁ የሰርቪስ ጊዜ የሚለውን ታገኛላችሁ፤ እዚያ ኦኬ የሚለውን ረዘም አድርጋችሁ ያዙ። ኒሳን ላይም ስክሪኑ ውስጥ የጥገና ዝርዝር አለ፤ ለሞተር ዘይት፣ ለፊልትሮና ለጎማ ለየብቻ ስለሚቆጥር የቀየራችሁትን ብቻ ዜሮ አድርጉ። በስክሪን የሚሠራ ማንኛውም መኪና ላይ የምትፈልጉት ቃል «ሜይንቴናንስ» ወይም «ሰርቪስ» ነው፣ ከዚያ ቀጥሎ «ሪሴት»።

እምቢ ሲል

ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ ካልጠፋ አትበሳጩ። ከተሳሳታችሁ ምናልባት ከሚከተሉት በአንዱ ነው። ትሪፕ ኤ ላይ አልነበረም። ቁልፉን ስታዞሩ ጣታችሁ ለአፍታ ዘንጓን ለቋታል። ወይም ቁልፉ አልፎ ሞተሩ ተነሥቷል። ዘንጓ አቧራ ገብቶባት የማትጫን ከሆነም ይከሰታል፤ ጫን ስትሏት ቁጥሩ የሚለዋወጥ መሆኑን አስቀድማችሁ እዩ።

ባትሪ መንቀል መፍትሔ አይደለም። የዚህ መብራት ቆጠራ ባትሪ ሲነቀል አይጠፋም። የምታጡት የሬዲዮ ጣቢያችሁንና ሰዓታችሁን ነው። ሞተሩም ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ሲሠራ ሊያጉረመርም ይችላል።

የናፍጣው ጉዳይ

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ሃይሉክስና ሚኒባስ የሚነዱ ሰዎች በጎጃም መንገድ ላይ ብዙ ናቸው። ብዙዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ቲ የሚል ፊደልና ቤልት የሚል ቃል ያለበት መብራት አለ። እሱም ቆጣሪ ነው። የቆዩት ሞተሮች ላይ 100,000፣ ተከትለው በመጡት ላይ ደግሞ 150,000 ኪሎሜትር ሲሞላ ይበራል። የሚጠይቀው ግን ዘይት አይደለም፤ የጊዜ ቺንጋ ይቀየር ነው የሚለው።

ይህንንም መብራት ሰው ያጠፋዋል፤ ያውም ገዢ ሊመጣ ሲል። ቺንጋው ከተበጠሰ ግን ፒስተኑና ቫልቩ ይጋጫሉ፤ ሞተሩ እዚያው ያበቃለታል። ሰው ጭኖ የዓባይን ዳገት ሲወጣ ቢበጠስ ምን እንደሚሆን አስቡት። ስለዚህ የዚህን አጠፋፍ ሆን ብዬ አልጻፍኩም። ቺንጋውን የቀየረላችሁ መካኒክ ያጥፋው፤ አሮጌውን ቺንጋም በእጃችሁ ይስጣችሁ። ያገለገለ ናፍጣ መኪና የምትገዙ ከሆነ መብራቱ መጥፋቱ ማስረጃ አይሆንም። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት፣ ዋጋውንም ከመኪናው ዋጋ ላይ ቀንሱ።

ናፍጣ ላይ የነዳጅ ፊልትሮ መብራትም አለ። እሱ የሚበራው ፊልትሮው ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም ነው። ከሥሩ ያለችውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ ውሃውን ስታወጡ ራሱ ይጠፋል። ክረምት ላይ፣ በተለይ በበርሜል የቆየ ናፍጣ ከቀዳችሁ፣ አትገረሙ።

መብራቱ የሌለው መኪናስ?

ከጃፓን በቀጥታ የመጡ ቪትዞችና ሌሎች ትንንሽ መኪኖች ላይ ይህ መብራት አብዛኛውን ጊዜ የለም። ለነሱ የምጠቀምበት መላ አለኝ። ትሪፕ ቢን ለሰርቪስ ብቻ ተዉት። ዘይት በተቀየረ ቀን ዜሮ አድርጉት፣ ከዚያ አትንኩት። ለነዳጅና ለጉዞ ትሪፕ ኤ ይበቃል። ትሪፕ ቢ 4,500 ሲል ዘይትና ፊልትሮ ግዙ፣ 5,000 ሲል ቀይሩ። ቆጣሪው በማይል ከሆነ 3,100 ላይ ቀይሩ።

ባትሪ ሲነቀል ግን ትሪፑ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አንድ ደብተር አስቀምጡ። አምስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ቀኑን፣ ጠቅላላውን ኪሎሜትር፣ የዘይቱን ዓይነት፣ ስንት ሊትር እንደገባ፣ ፊልትሮ መቀየር አለመቀየሩን።

እህቴን በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄጄ አገኘኋት። አራት ሊትር ዘይት፣ አንድ ፊልትሮና አንዲት ሮንዴላ ይዤ ነበር። ያወጣነው ዘይት ጥቁር ነበር። 3.7 ሊትር መውጣት ሲገባው ሦስትም አልሞላም። መብራቱ ያኔ ጠፍቶ ቆጣሪው ዜሮ ስለነበር ሌላ 7,000 ኪሎሜትር ዝም ይል ነበር። አዲሱን ጨመርን፣ ለካን፣ አስነሳን። ከዚያ መብራቱን ራሷ ታጥፋው ብዬ ከጎኗ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ትሪፕ ቢ ላይ ነበረች፤ እምቢ አለ። ሁለተኛው ላይ ሰረዞቹ አንድ በአንድ ሲጠፉ ጮክ ብላ ቆጠረች። ፊልትሮው ላይ ቀኑን የጻፈችውም እሷ ናት።